ፍየሏ ከቀፊራ ከዚራ፦ ስለ ዶክተር ሱስ የከፈትኩት ክር የት እንደደረሰ

ለማያውቅ፦ እኛ የድሬ ልጆች ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ውኃው መጥፋትና ስለ ባጃጅ ዋጋ የምንነጫነጭበት አንድ የውይይት መድረክ አለን (ቀፊራና ከዚራም የድሬ ሰፈሮች ናቸው)። ባለፈው ቅዳሜ ማታ እዚያ ላይ ስለ ልጆች መጽሐፍ አንድ ጥያቄ ለጥፌ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የተሰለፈው መልስ፣ 19 ደርሷል፤ ሰኞ ሌሊት 41። መሃል ላይ የገባችሁ ሰዎች ፍየሏ ከየት መጣች እያላችሁ ስለጠየቃችሁኝ ከመጀመሪያው ልተርክላችሁ። የሰለቸኝን አሳጥራለሁ፣ የወደድኩትን አስረዝማለሁ፤ ቅር የሚለው የራሱን ይጻፍ።

መነሻው እንዲህ ነበር። ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ውስጥ አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ልጅ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የእንግሊዝኛ የልጆች መጽሐፍ በ80 ብር ገዛሁ፤ ዶክተር ሱስ የሚባለው አሜሪካዊ ደራሲ በግጥም የጻፈው ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ የማንጎ ጭማቂ የመሰለ እድፍ አለበት። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እንግሊዝኛዋ ከቀለማትና ከቁጥር አያልፍም። ሳነብላት ግን ትስቃለች፤ ያውም ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ። በአምስተኛው ቀን ስንኙ ሊያልቅ ሲል ከንፈሯ ከእኔ ቀድሞ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቃሉን አታውቀውም፣ ቤቱ በምን እንደሚመታ ግን ጆሮዋ ነግሯታል። እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ ወደ አማርኛ መለስኩላት። ጸጥ ብላ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ በጣም በትህትና፣ አሁን ያኛውን አንብብልኝ አለች።

ያ ትህትና ነው ያንገበገበኝ። ስለዚህ ጠየቅኩ፦ የዶክተር ሱስን ዓይነት ግጥም ሳይገድል ወደ አማርኛ የመለሰ ሰው አለ? አንድ ነገርም ጨመርኩ። እኔ ሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይሆናል፣ በዚህ ሰውዬ የምደነቀው በምናቡ አይደለም፤ በቆጠራው ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. ያወጣው የባለ ረጅም ባርኔጣዋ ድመት መጽሐፍ የተሠራው በ236 የተለያዩ ቃላት ብቻ ነው። ከዚያ አሳታሚው በ50 ቃላት መጽሐፍ መጻፍ አትችልም ብሎ በ50 ዶላር አስያዘው። በ1960 የአረንጓዴውን እንቁላል ታሪክ ይዞለት መጣ። ልክ 50 ቃላት፤ ከአንዷ በስተቀር ሁሉም ባለ አንድ ቀለም (ክፍለ ቃል)። እንደ ልቡ የሚቀባጥር የሚመስለው ሰውዬ ደብተር ይዞ ነበር የሚቀባጥረው።

ቁጥር 1 የመጣው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ነው። የዶክተሩ ክሊኒክ ድሬ ውስጥ የት አካባቢ እንደሆነና በቀጠሮ ይሁን በተራ እንደሚያይ ጠየቀ፤ ወንድሙ ጫት መተው አቅቶታል። ቁጥር 2 በሳቅ ፊቶች ብቻ ሞላው። ቁጥር 3 ያው ቁጥር 1 ነው፤ በቁጣ ሳይሆን እንዲያው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከልቡ እንደጠየቀና የሚስቅ ሰው ቤቱ ሱሰኛ የሌለበት መሆን እንዳለበት ጻፈ። ጠዋት ሳነበው አፈርኩ። ርዕሱን ስጽፍ ስሙ በአማርኛ ምን እንደሚመስል አንድም ጊዜ አላሰብኩም ነበር፤ ያውም ጫት ከዳቦ ቀድሞ በሚገኝበት ከተማ። በውስጥ መስመር ይቅርታ ጠየቅኩት።

ቁጥር 4 ስሙን አረመ። ቴዎዶር ሱስ ጋይዝል ነው ሰውዬው፤ ሱስ የእናቱ የአባት ስም ሲሆን ጀርመናዊ መነሻ ስላለው ቤተሰቡ ሶይስ ብሎ ነው የሚጠራው። ዶክተርም አልነበረም። ኦክስፎርድ ገብቶ ሳይጨርስ የወጣ ሰው ነው፤ ማዕረጉን የብዕር ስሙ ላይ ራሱ ሾመ፣ የክብር ዶክትሬት የተሰጠው ኋላ ነው። ቁጥር 5 ሶይስ ይባል መባሉን አልተቀበለም። የልጁ እናት ከሆንሽና ያንኑ መጽሐፍ በአንድ ሌሊት ሰባት ጊዜ ካነበብሽ፣ ሱስ የሚለው ትክክለኛው አጠራር እንደሆነ ይገባሻል የሚል ሐሳብ ነው የጻፈችው።

ቁጥር 6 የሳቢያን ሰፈር እናት ናት። መብራት በጠፋ ቁጥር በስልክ ብርሃን ለሁለት ልጆቿ እንደምታነብ፣ ትንሹ እያንዳንዱን ስንኝ በማንኪያ ሳህን ላይ እንደሚመታና ጎረቤት ግድግዳ እንደሚደበድብባት ነገረችን። በጨዋነት የተጻፈች ቆንጆ መልእክት ነበረች፤ ማንም አልመለሰላትም። መድረክ እንዲህ ነው።

ቁጥር 7 ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እሳቸው የድመቷን መጽሐፍ አመጣጥ አስረዱ። በ1954 ጆን ኸርሲ የተባለው ጸሐፊ ላይፍ መጽሔት ላይ፣ የአሜሪካ ልጆች ማንበብ የሚያቅታቸው የመማሪያ መጽሐፋቸው ድብርት ስለሆነ ነው ብሎ ጻፈ። አንድ የመማሪያ መጻሕፍት አሳታሚም ለጋይዝል የቃላት ዝርዝር ሰጥቶ፣ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ ከእጁ የማያስቀምጠው ታሪክ ጻፍልኝ አለው። ሰውዬው ከዝርዝሩ ጋር ሲታገል ቆይቶ፣ መጀመሪያ ቤት የሚመቱትን ሁለት ቃላት ይዤ እነሳለሁ አለ። ድመትና ባርኔጣ በእንግሊዝኛ ቤት ይመታሉ። መጽሐፉ የተወለደው ከዚያ ነው ሲሉ ጋሼ ደመደሙ። አክለውም ሰውዬው የራሱ ልጅ እንዳልወለደ፣ አባቱ ደግሞ በተወለደባት በስፕሪንግፊልድ ከተማ የእንስሳት ማቆያ ያለበትን መናፈሻ ያስተዳድሩ እንደነበር ጻፉ። ቁጥር 8 ይህን ሁሉ ማንበብ እንደሰለቸው አሳወቀ።

ቁጥር 9 ቀኑን ቆጥሮ መጣ። ሰውዬው የተወለደው ማርች 2 ቀን 1904 ነው፤ በእኛ የካቲት 23 ቀን 1896 ዓ.ም.፣ ከዓድዋ ድል ስምንት ዓመት በኋላ በዕለቱ። እኔም ስልኬን አውጥቼ አሰላሁት፤ ልክ ነው። አሜሪካኖች በልደቱ ቀን ለልጆች መጽሐፍ ያነባሉ፤ እኛ ፈረስ እንጋልባለን። ከ10 እስከ 12 ያሉት ስለ ዓድዋ፣ ስለ ፈረስና ስለ አንድ የተሰረቀ በቅሎ ናቸው። ይለፉኝ።

ቁጥር 13 ላይ ነፋሱ ተቀየረ። መልሱን የጻፈው ሰው፣ አባባ ተስፋዬ በአንድ እጃቸው በቴሌቪዥን ከአርባ ዓመት በላይ ተረት ሲነግሩ የኖሩበት አገር ውስጥ ቁጭ ብሎ የፈረንጅ ድመት ማሞገስ ምን የሚሉት በሽታ ነው አለ። ይህን በጨዋ ቋንቋ አስተካክዬ ነው የጻፍኩት። ቁጥር 14 አባባ ተስፋዬን እየሰማ እንዳደገና እሳቸውን መውደድ ሌላውን መጥላት እንደማይጠይቅ መለሰለት፤ እሳቸው የነገሩን ተረት መሆኑን፣ እዚህ የተጠየቀው ግን ቤት ስለሚመታ ግጥም መሆኑንም ለየ። በእኔ ቤት ልክ ነው።

ቁጥር 15 የባሰውን አመጣች። በ2021፣ በዚያው በልደቱ ቀን፣ የሰውዬውን ሥራዎች የሚያስተዳድረው ድርጅት ስድስት መጽሐፎቹን ከእንግዲህ አላሳትምም አለ፤ ምክንያቱ ጥቁሮችንና እስያውያንን የሚያንቋሽሹ ሥዕሎች ስላሉባቸው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም አሜሪካ የሚኖሩ ጃፓኖችን እንደ ከሃዲ የሚያሳዩ የጋዜጣ ካርቱኖች ስሏል። ጥቁር ልጅ አቅፎ ይህን የሚያነብ አባት ገጹን አይቶ ያንብብ ነው ያለችው። ቁጥር 16 ነገር ፈላጊ ብሎ ሰደባት። ቁጥር 17 የ15ን ሐሳብ ተቀብሎ አንድ ነገር ጨመረ፤ ሰውዬው በ1953 ጃፓን ሄዶ ከተመለሰ በኋላ፣ ሰው ትንሽ ቢሆንም ሰው ነው የሚል መጽሐፍ ጽፎ መታሰቢያነቱን ለአንድ ጃፓናዊ መምህር ሰጥቷል፤ ብዙዎች እንደ ይቅርታ ያዩታል። 15 ደግሞ ያ ለጃፓኑ ነው፣ የእኛስ አለች። አስተዳዳሪው በቁጥር 18 ሁላችንንም በአንድ ላይ ቆጣ። እኔ ከ15 ጋር ነኝ። የታይዋኑን መጽሐፍ ከስድስቱ አለመሆኑን እስካረጋግጥ ድረስ እሁድ ጠዋት ቡናዬ ቀዘቀዘ። አይደለም።

ቁጥር 19 እናቱ ሶማሌ ናቸው። የሶማሌ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኙ መጨረሻ ሳይሆን በመነሻው ነው፤ አንዱ መስመር በተያዘበት ፊደል የሚጀምር ቃል ሌላውም መስመር ውስጥ ይገባል፣ ግጥሙ እስኪያልቅም ፊደሉ አይለቀቅም። እናቱ ያንን የድመት ታሪክ ቢሰሙ ስለ መጨረሻው ግድ እንደሌላቸው፣ በምን ፊደል ተይዟል ብለው እንደሚጠይቁ ነገረን። ቁጥር 20 በኦሮምኛው ሂቦ ቀጠለ፤ እሱ እንቆቅልሽ እንጂ ግጥም አይደለም ተብሎ ታለፈ። ታለፈ ግን ትንሽ ቸኩለናል።

ቁጥር 21 የእኛም ኸርሲ ሊኖረን ይገባ ነበር አለ። አበበ በሶ በላ። ጫላ ጩቤ ጨበጠ። ድምፁ ጥርስ ላይ ደስ ይላል፣ ከዚያ ግን ምንም አይከተልም። አበበ ከበሶው በኋላ የት ሄደ? ጫላ ጩቤውን ለምን ጨበጠ? አንደኛ ክፍል እያለ መምህሩን ይህን ጠይቆ ጆሮውን እንደተቆነጠጠ ጻፈ። ቁጥር 19ን ጠቅሶም፣ ጫላ የሚለው ዓረፍተ ነገር በሶማሌው ሕግ ሙሉ ግጥም እንደሆነ አሳየ። ሳነበው ብቻዬን ሳቅኩ።

አሁን ወደ ቁጥር 22። ክሩን የከፈትኩት ለካ ለዚህች መልስ ነው። ጸሐፊው ግጥም እሞክራለሁ ከማለት በቀር ስለራሱ ምንም አላለም። ችግርህ፣ አለ፣ የአማርኛ ድህነት አይደለም፤ ጥጋብ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ድመቷ መጣች፣ ቆመች፣ ሳቀች፣ ወደቀች፤ ሁሉም በች ያልቃል። ቤቱ በነፃ ይመጣል፤ በነፃ የመጣ ቤት ደግሞ ማንንም አያስቅም፣ ልጅቷ ከመስማቷ በፊት ታውቀዋለችና። እንግሊዝኛው ስንኙን የሚዘጋው በባርኔጣ፣ በአሳ፣ በሳጥን ነው፤ ጆሮ ይጠብቃል፣ ያልጠበቀው ዕቃ ይመጣል። ቃል መቁጠሩንም ተው፤ አልበላውም የምትለው አንዲት የአማርኛ ቃል በእንግሊዝኛ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናት። ግሱን ወደ መሃል አስገባው፣ መጨረሻ ላይ ስም አስቀምጥ። የአገር ቤት ገጣሚ ድሮም ቃል ሲገለብጥ ኖሯል። ድመቷን ደግሞ ለባለቤቷ መልስና የራስህን እንስሳ ፈልግ።

የራሴን ትርጉም አውጥቼ አየሁት። ከ14 ስንኝ 11ዱ በች ያልቃሉ። ልጄ የሰማችው ስም ጥሪ ነው።

ቁጥር 23 ሐረር ነው፤ ሐረር ሳይገባበት ድሬ ላይ የሚያልቅ ወሬ የለም። ጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊዎች በራቸው ላይ ሲንጀር ደርድረው የሚሰፉበት መንገድ መኪና ግርግር ይባላል፤ ስሙ ራሱ የስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ድምፅን ስም አድርጎ መንገድ ላይ የለጠፈ ሕዝብ፣ አለ፣ ለልጆች ግጥም ከፈረንጅ ምን ይማራል? ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦስ ቢሆን ግጥም ትቶ ቡና ሊነግድ የመጣው ሐረር አይደል? ቁጥር 24 ድሬዎች ሐረር ላይ ማንም ገጣሚ ግጥም የሚተወው በምክንያት ነው አሉ። ከዚህ በኋላ ጥቂት መልእክቶች ተሰርዘዋል።

ቁጥር 25 ጋሼ ተመለሱ። የ23ን የስፌት መኪና አንስተው፣ ዶክተር ሱስም የመጀመሪያውን የልጆች መጽሐፍ የጀመረው በ1936 ከአውሮፓ ሲመለስ መርከብ ላይ እንደነበር ነገሩን። የሞተሩ ምት ከጆሮው አልወጣ ስላለው በምቱ ልክ ቃላት መደርደር ያዘ። መጽሐፉ ከሃያ በላይ አሳታሚዎች መልሰውት በ1937 ወጣ። ቁጥር 26 በዚህ ተነኩ። የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ እስከዚያ ድረስ አንድም ቃል አልጻፉም። የድሮው ሃዲድ መገጣጠሚያ ላይ ጎማው ሲያልፍ የሚሰማው ምት አራት አራት እንደሆነ፣ ሌሊት ፉርጎ ውስጥ ሲተኙ በዚያ ምት የልጆቻቸውን ስም እየደረደሩ እንቅልፍ ይወስዳቸው እንደነበር ጻፉ። ፊደል ግድፈት ሞልቶታል። ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው።

ቁጥር 27 እኔ ነኝ። እሁድ ከሰዓት ሙቀቱ ሲበርድ፣ ልጄን ከጎኔ አስቀምጬ፣ በየወል ቤት ምጣኔ፣ ስድስት ቀለም በስድስት ቀለም፣ በጣት እየቆጠርን ይህን ሠራን፦

ፍየሏ ባጃጅ ላይ ጋቢና ተሳፍራ፣
ከቀፊራ ወጥታ ወረደች ከዚራ።
ሂሳብ አምጪ ሲላት ዝም አለች ላንድ አፍታ፣
ሸሚዙን በላችው ኪሱን ብቻ ትታ።

ኪሱን ብቻ ትታ ያለችው ልጄ ናት። ሂሳቡ ኪሱ ውስጥ ስላለ ነው አለችኝ።

ቁጥር 28 የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ባጃጅ ጋቢና የለውም፣ ከሹፌር ጎን መጫንም ያስቀጣል ሲል አስጠነቀቀ። ቁጥር 29 ከቀፊራ ከዚራ ለመድረስ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ መሻገር ስላለ፣ ፍየሏ ድልድዩ ላይ ምን እንዳየች ሳይነገር መታለፉ ጉድለት ነው አለች። እውነቷን ነው። ከ30 እስከ 34 ያለው የፍየል ዋጋ ነው። አንድ ሰው ከልቡ ስልኩን አስቀምጦ ፍየሏ ለሽያጭ ከሆነች ይደወልልኝ አለ፤ አስተዳዳሪው ስልኩን አጠፋለት።

ቁጥር 35 ቁጥር 22 ነው፤ ስጠብቀው ነበር። ከዚራ ላይ ደስ እንዳለው፣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ግን ላንድ አፍታ የሚለው ስድስቱን ለመሙላት የገባ ጭድ መሆኑን፣ ትታ ደግሞ ያው ግስ ስለሆነ በቤቱ ማጭበርበሬን ጻፈ። ተናደድኩ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሌላ ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። ኪሱን ብቻ ትታ ግን አይነካም አልኩት፤ ባለቤቷ ስድስት ዓመቷ ነው።

ቁጥር 36 የሳቢያኗ እናት ተመለሰች፤ በ6 የተናገረችውን ማንም እንዳላየላት በቀልድ አስታውሳ፣ ትንሹ ልጇ አራቱን ስንኞች በሳህን ላይ እንደያዛቸውና ጎረቤት ግድግዳውን ዛሬም እንደደበደበ፣ ግን በምቱ ልክ እንደደበደበ አሳወቀች። ቁጥር 37 ሐረር፤ ፍየሏ ሐረር ብትመጣ ማታ ጅብ ይበላታል። ቁጥር 38 ለ37፤ ጅቡም ሐረር ላይ በሰው እጅ እየጎረሰ ስለለመደ ራሱ ማደን ረስቷል።

ቁጥር 39 ያ የመጀመሪያው ሰው ነው፤ ክሊኒክ የጠየቀው። ግጥሙን ለወንድሙ አንብቦለት ነበር። ወንድሙ ደግሞ ስህተት አገኘበት፤ የድሬ ፍየል ገራባ እያለላት ሸሚዝ አትበላም፣ ከበርጫ በኋላ የተጣለውን ቅጠል ለቅማ፣ መርቅና፣ ከሰዓት በኋላ ግድግዳ ስታይ ነው የምትውለው። ዝም ያለችውም ለዚያ ነው አለ። ስለዚህ ላንድ አፍታ ትክክል አይደለም፤ ዝምታዋ እስከ ማታ ነው። ከቁጥር 22 ይልቅ በዚህ ተረታሁ።

ልጄ ግን ሌላ ጉዳይ ያዘች። ፍየሏ ከዚራ ቀረች፤ ቤቷ በምን ትመለስ? ባጃጁ አይጭናትም፣ ሸሚዙን በልታበታለች። በባቡር አለች። ቁጥር 40 ላይ ይህንኑ ለጡረተኛው ጠየቅኩላት፤ አባባ፣ ከለገሃር ፍየል የምትሳፈርበት ባቡር አለ ወይ ብዬ።

41 የመጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። በድሮው መስመር ባቡር እንደ ቀድሞው እንደማይሄድ፣ አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ውጭ ስለሆነ በእግር እንደማይደረስ፣ የለገሃሩም ትልቁ በር ዝግ እንደሆነ ጻፉ። ከዚያ አንድ መስመር ዘለው፣ በሩ ሥር በቀኝ በኩል ፍየል የምታልፍበት ክፍተት መኖሩን፣ ፉርጎዋንም እሳቸው ራሳቸው እንደሚገፉላት ጨመሩ።